ሳይቀመጡ የሚጠየቅ ድርሻ

ኩፋ፣ ሙሐረም፣ ከሂጅራ በኋላ 34ኛው ዓመት

በአላህ ስም። ከሁረይስ፣ ለታላቅ እህቱ ለኡመይማ፤ መዲና ትድረስ።

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆችሽ ለሚስና ረይጣስ እንደምን ናቸው? ለሚስን ለማን ልትድሪያት ነው? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። «ሞተህ ከሆነ ንገረኝና አልቅሼ ልረፍ» ብለሽ ለጻፍሽልኝ፣ አልሞትኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄ የጠፋው በሰሜን ተራሮች ዘመቻ ላይ ስለነበርኩ ነው፤ እዚያ ቀለሙም በቀንዱ ውስጥ ይረጋል። ይቅር በይኝ። ከተመለስኩ ወር ሆኖኛል፤ ከተመለስኩ ጀምሮ ስናደድ ነው የምውለው።

እኛ በብርድ ስንዋጋ ኸለፍ ኢብን ዋቂድ የሚባል የመካ ሀብታም የእኛን መሬት ሲለቅም ከርሟል። ኩፋን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። እዚያው መዲና ተቀምጦ፣ ኢራቅ ውስጥ ድርሻ ያላቸውን ሰዎች እየፈለገ፣ ዘምተው የተመለሱትንም የሞቱትን ሰዎች ቤተሰብም፣ «ያን የሩቅ መሬት ተዉልኝ፣ እዚሁ ደጃችሁ ላይ ተምር ዛፍ እሰጣችኋለሁ» ይላቸዋል። እነሱም ይለውጡታል። በእኛ ቦይ ላይ ከነበሩት ዐሥራ አንድ ባለድርሻዎች የሰባቱ መሬት ዛሬ የእሱ ነው። የእህቱን ልጅ ጀርወልን ወኪል አድርጎ ልኮብናል። ይኼ ጀርወል ባለፈው ጁምዓ በመስጊዱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ ጫማውን ሲፈልግ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ምን ያንጫጫችኋል? ይህ አገር እኮ የአጎቴ ጓሮ ነው» አለ።

«በእኛ ደም ያገኘነው አገር ነው ያጎትህ ጓሮ?» አልኩት።

«ደማችሁን ማን አፍስሱ አላችሁ? ደመወዛችሁን ትበሉ የለም እንዴ?» አለኝና ግመሉ ላይ ወጣ። ሰው ይዞኝ ነው።

የእኛ መሬት ግን አልተነካም። ባልሽ ሲማክ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እሱና እኔ ስንገባበት ጨው የበላው በረሃ ነበር። ቦዩ በደለል ተደፍኖ፣ ወፍም አያርፍበትም ነበር። ሁለት ክረምት ጨው በአካፋ ፍቀን፣ ደለሉን በቅርጫት ተሸክመን አወጣን። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ቢጫ ሆኖ ሞተ። ሁለተኛው ጉልበታችን ድረስ ሲመጣ ሲማክ መሃሉ ገብቶ ተኛበትና አልነሳም አለኝ። የሞተ መሬት ያነሳ ሰው ባለቤቱ ነው ተብሎ ያኔ ለሁለታችን ጸና። ድንጋይ አቁመን አልተካፈልነውም። ግማሹ የኔ፣ ግማሹ ዛሬ ያንቺና የልጆቹ ነው፤ የትኛው ጭቃ የማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። የቦዩም አፍ እኛ መሬት ላይ ነው። እኛ እስካልሸጥን ድረስ ኸለፍ ሰባት ድርሻም ይኑረው ሰባ፣ ውኃው ከእጃችን ነው የሚጠጣው።

ሩቅ ተቀምጦ የእኛን ውኃ የሸጠ ሰው እጁ ይድረቅ። የበላው ተምር በጉሮሮው ይቁም። አሜን በይ።

ወንድምሽ ሁረይስ

*

መዲና፣ ረቢዑል አወል፣ 34

በአላህ ስም። ከኡመይማ ለሁረይስ።

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደህና ነን። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ሽማግሌው ስለሆነ ብዙ አላወራም።

አሜን በይ ብለኸኛል። ለእርግማን አሜን የምል ሴት አይደለሁም፤ እናታችንም እንደዚያ አላሳደገችን።

ለሚስን ለማን ልትድሪያት ነው ላልከው፣ ለሚስ ካገባች አንድ ዓመት አልፏታል። ሰውየው ቆዳ ፋቂ ነው፣ ጨዋ ነው። ወኪል ሆኖ የቆመላት ጎረቤት ነው፤ አጎቷ የት እንደገባ አይታወቅማ። አንተ በሰሜን ብርድ ቀለም ረጋብኝ ስትል እዚህ ደግሞ ሁለት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ነበር። ስንዴ ልልክልሽ ነው ብለህ የላክኸው ሰው እስካሁን በመንገድ ላይ መሆን አለበት። እኛ የተምር ፍሬ ወቅጠን ለፍየሏ ስንሰጥ፣ ኋላም ከፍየሏ ስንሻማ ነው የከረምነው። ረይጣ አንድ ቀን «እማዬ፣ ኢራቅ ያለው መሬታችን ሩቅ ነው?» አለችኝ። ሩቅ ነው አልኳት። «እንግዲያው የእኛ አይደለማ» አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው፣ ወንድሜ።

ስለ መሬቱ እኔን ምን ታደርቀኛለህ? መሬት የት ይሄዳል? ባለበት አለ።

በላይኛው መንደር ተምር ዛፍ አለሽ ወይ ብለህ በደብዳቤ አምጪው አፍ ላስጠየቅከኝ፣ ማን ነገረህ? መንገደኛ ሁሉ ወሬ ይዞ ይሄዳል። ተምር እንበላለን፤ ረኃቡ አልፏል። ይህን ያህል ይብቃህ።

የጉልበትህን ነገር በሰናፍጭ ዘይት እሸው። ቁጣህንም የሚያሽልህ ብታገኝ ጥሩ ነበር።

ኡመይማ

*

ኩፋ፣ ጁማደል አወል፣ 34

በአላህ ስም። ከሁረይስ ለእህቱ ለኡመይማ።

እትዬ፣ ስለ ለሚስ ሰርግ ያልሽውን አንብቤ አፈርኩ። ስንዴውን የሰጠሁትን ሰው አሁን ባገኘው ምን እንደማደርገው አላህ ያውቃል። እዚህ ድረስ ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን የሌባ ነው፤ እሱን ላውራሽ።

ጀርወል ከቦይ ዳር ያሉትን ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ እየነቀለ ነው። ዐውሰጃን ታስታውሺዋለሽ? ያ ረዥሙ፣ ከሲማክ ጋር በአንድ ድንኳን የነበረው። የእሱ ተጋሪ ባስራ ሄዶ ድርሻውን ለኸለፍ ለወጠ። ዐውሰጃ እኮ መልሶ ሊወስደው ይችል ነበር! ያልተከፋፈለ መሬት ላይ ተጋሪህ ድርሻውን ለሌላ ከሰጠ ቅድሚያው ያንተ ነው፤ ገዢው የሰጠውን ያህል ሰጥተህ ታስለቅቀዋለህ። ግን የሰማህ ጊዜ ነው ያኔውኑ። ቆመህ ከሰማህ ሳትቀመጥ፣ እየበላህ ከሰማህ የጎረስከውን ሳትውጥ፣ ሰው እየሰማህ «ይህ ድርሻ ለእኔ ይገባል፣ ጠይቄአለሁ» ትላለህ። ካዘገየህ ወደሃል ማለት ነው፤ አበቃ።

ዐውሰጃ ወሬውን የሰማው ፍትፍት ቀርቦለት ነው። «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» ብሎ ሳህኑን ጠርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከዚያ ተነስቶ ጠየቀ። ቃዲው ምን ፈረደ መሰለሽ? «መሬትህን በልተኸዋል» አለው። ኩፋ በሙሉ ስቆበታል። እኔም ባየሁት ቁጥር «ፍትፍቱ እንዴት ነበር?» እለዋለሁ። እሱ አይስቅም። አሁን ቤቱ በየማታው ሰው ይሞላል፤ ቁርኣን ይቀራል፣ ከዚያ ስለ ሀብታሞቹ ይወራል። ሀብትን ሰብስበው የሚያስቀምጡትን የሚያስፈራራውን አንቀጽ ደጋግመው ያነቡታል። እኔም እሄዳለሁ። መናደድ ከሰው ጋር ይሻላል።

ትናንት ጀርወል በመሬታችን ዳር ሲያልፍ በቅሎውን አቁሞ የቦዩን አፍ ሲያይ ቆየ። «የእናንተም ቀን ይደርሳል፣ አቶ ሁረይስ» አለኝ።

«እህቴ የጫማዋን ጠፍር ቀቅላ ትበላለች እንጂ የሲማክን ላብ አትሸጥም» አልኩት፤ አርባ ሰው በሰማበት። ፈገግ አለና ሄደ። ያ ፈገግታው አልወጣልኝ ብሏል። በሁለት ምስክር ፊት «አልሸጥኩም» የምትል አንዲት መስመር ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ግንባሩ ላይ እለጥፍለታለሁ።

ወንድምሽ

*

መዲና፣ ረጀብ፣ 34

በአላህ ስም። ከኡመይማ ለሁረይስ።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው፤ የዶሮ ጭረት ቢመስልህም ታገሠው። ሲማክ ያስተማረኝ ፊደል ለዚህ ቀን ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ከዚህ መስመር አትለፍ። ብራናውን ጠቅልለህ መስጊድ ሂድ። ሁለት የታመኑ ሰዎች አጠገብህ ይቀመጡ። ያኔ ክፈተው። እለምንሃለሁ፣ እኔ ታላቅህ ነኝ፣ አሳድጌሃለሁ፣ ይህችን አንዲት ነገር እሺ በለኝ።

አሁን አንብብ።

ለውጫለሁ። ዓመት አልፎታል። የኔንም የልጆቼንም ድርሻ ለኸለፍ ሰጥቼ በላይኛው መንደር አርባ ተምር ዛፍና አንድ ጉድጓድ ተቀብያለሁ።

አሁን ከመናደድህ በፊት ተነስና «ይህ ድርሻ ለእኔ ይገባል፣ ጠይቄአለሁ» በል። አሁን። ሰዎቹ ይስሙህ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ታነባለህ።

አልክ? እንግዲያው ስማ። የዐውሰጃን ነገር ስትጽፍልኝ፣ አንተ ስትስቅ እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም። ነገሩን ወደሚያውቅ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ። «ተጋሪው እስካልሰማ ድረስ መብቱ አይሞትም፤ መሞት የሚጀምረው ከሰማ በኋላ ነው» አለኝ። ስለዚህ እኔ ከነገርኩህ ደቂቃ ጀምሮ የሚቆጠረው ባንተ ላይ ነው። ለሰውየው የሰጠውን ያህል መመለስ ያስፈልጋል፤ እሱም በእጄ አለ። አርባዎቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ጉድጓዱም ይቀዳል። ለአንተ ሰጥቼሃለሁ፣ አንተ ለእሱ ትመልስለታለህ። ረይጣም ታውቃለች፤ አልቅሳ ተስማምታለች።

ለምን አደረግሽው እንዳትለኝ። የለሚስ እግር አብጦ ነበር፣ በረኃብ። የኸለፍ ሰው በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ይህን የማታዪውን ነገር በዚህ በምታዪው ለውጪ» ሲለኝ ዛፎቹ ላይ ዘለላው ቀልቷል። አንተን አሰብኩ። ከዚያ አንተ ዝም ያልክበትን ወራት ቆጠርኩ። ሞቷል አልኩ። የሞተ ሰው ተጋሪ አይሆንም አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

መኖርህን የጻፍክልኝ ቀን ደስታዬን ሳልጨርስ እርግማንህ ደረሰኝ። ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ፈራሁህ። ይህ ጥፋቴ ነው፤ ሌላውን ጥፋቴ አልለውም።

ከጠየቅክ በኋላ የፈለግከውን ስደበኝ።

ኡመይማ

*

ኩፋ፣ ረመዷን፣ 34

ለኡመይማ።

ደብዳቤሽን ቦዩ ዳር፣ እግሬ ጭቃ ውስጥ እንዳለ ተቀበልኩት። ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ሳልነሳ ነው መልሱን የምጽፈው፤ መንገደኛው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ሁለት ሰው መሃል ሆነህ አንብብ ትይኛለሽ? ምን ልሆን መስሎሽ ነው? ልወድቅ ነው? ራሴን ልስት ነው? ከመስመር አትለፍ ብለሽ እንደ ልጅ ታዥኛለሽ፣ ከመስመሩ ማዶ ግን ያለው ይኼ ነው።

አርባ ሰው ፊት የማልኩት ያንቺን ስም ጠርቼ ነው። ጀርወል ፈገግ ያለው ለዚህ ነበር። ዓመት ሙሉ እያወቀ፣ እኔ እንደ አውራ ዶሮ አጥር ላይ ወጥቼ ስጮኽ እያየ ዝም ብሎኛል። ሰው ሁሉ ሻጭን ሲረግም ከሁሉ ድምፄ የሚበልጠው እኔ ነበርኩ። እጁ ይድረቅ ያልኩት ያንቺን እጅ ነው! ያሳደገኝን እጅ!

ሲማክ ጨው ሲፍቅ የእጁ ቆዳ ተልጦ ነበር። ማታ ማታ በቅቤ እየቀባሁለት፣ «ለኡመይማ ነው፣ ለልጆቹ ነው» ይለኝ ነበር። እሱን ነው የሸጥሽው። እኔን ዘመቻ ላይ እያለሁ ሞቷል ብለሽ ቀበርሽኝ፤ ለቅሶዬንም በተምር ነው የተቀመጥሽው። ተራብን ትያለሽ። እኛስ? ቃዲሲያ ዘመቻ ላይ የግመል ቆዳ በልተናል፤ ማንም ግን ጎራዴውን አልሸጠም።

ዛፎቹን እመልሳለሁ ትያለሽ ደግሞ። ያፈሰስሽውን ውኃ ልታፍሺው። የኸለፍን ተምር አልነካም፣ ስሙንም አልጠራም። ካንቺም ምንም አልፈልግም። ሲማክ ባይሞት ኖሮ ፊትሽን አያይም ነበር፤ ይህን ማለቴን ነገ እጸጸት ይሆናል፣ ዛሬ ግን ብያለሁ።

ለረይጣ ሰላም በያት። ከቤታችሁ የተሻለች እሷ ናት።

ሁረይስ

*

መዲና፣ ሸዋል፣ 34

ሁረይስ፣

ስድብህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስድቡን ፈልጌ አይደለም፤ አንዲት ቃል ፈልጌ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈልጌ አጣኋት።

ጠይቀሃል ወይ?

«ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ሳልነሳ» ብለሃል። ከመንገደኛው በቀር ብቻህን ነበርክ። መጀመሪያ የጻፍከው እኔን ነው። ንገረኝ፣ መጀመሪያ ጠይቄ ከዚያ ነው የጻፍኩት በለኝ። መንገደኛው ሲሰማ ጮኼ ጠይቄአለሁ በለኝ። ይህን ካልክልኝ «የሸጥሽው ሲማክን ነው» ያልከውን እውጠዋለሁ። ካላልክ ግን፣ ዐውሰጃ ቢያንስ ጠግቦ ነው የተሸነፈው፤ አንተ በጾም አፍህ የበላኸው ቁጣህን ነው።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ስልህ ነው ያደግኸው። አሁንም ስለ ሲማክ አንዲት ቃል እንዳትጽፍልኝ። እጁን አንተ በቅቤ ቀባኸው፤ ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

መልስህን ቶሎ ላክ።

ኡመይማ

*

ኩፋ፣ ሙሐረም፣ 35

በአላህ ስም። ለእትዬ ኡመይማ።

ጠይቀሃል ወይ ላልሽኝ፣ አልጠየቅኩም። ሦስት ቀን ተናድጄ ዋልኩ፣ ተናድጄ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ዐውሰጃ ዘንድ ለጾም መፍቻ ቁጭ ብለን፣ ፍትፍት ቀረበና ልቀልድበት አፌን ስከፍት ትዝ አለኝ። እጄን ከሳህኑ ሳላወጣ ቀረሁ። ያን ጊዜ ተነስቼ በሰው ፊት ጠየቅኩ፤ ሳህኑም ተገለበጠ። ዐውሰጃ ብቻ ገባው። አልሳቀብኝም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቃዲው ዘንድ የሆነውንም እነግርሻለሁ። ከአንድ ቀን በፊት ጓደኞቼ ተሰብስበው መከሩኝ። «ስታነብ አጠገቡ ነበርን፣ ያኔውኑ ሲጠይቅ ሰማን እንላለን» አሉ። ሁለት ሳይሆን ዐሥር ምስክር ተገኘ። ቁርኣን ሲቀራ የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው፣ እትዬ። «ሌባን ለመከላከል የተነገረ ውሸት ውሸት አይደለም» አለኝ ከመካከላቸው አንዱ። «ማነው እንደዚያ ያለው?» ስለው «ወገናችን» አለኝ። ወገን የሚባል ነገር መቼ እንደጀመረን አላውቅም። ሲማክና እኔ ጨው ስንፍቅ ወገን የሚባል አልነበረም፤ አካፋ ነበር።

በነጋታው ቃዲው «ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ ያልከው ምንድን ነው?» አለኝ። ምስክሮቼ ከኋላዬ ቆመዋል። ጀርወል ፊት ለፊቴ ነው። ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር፣ አልደብቅሽም። ግን የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ትዝ አለኝ፤ ያንቺ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እውነቱን እንደያዘ።

«እህቴን ሰደብኩ» አልኩ።

ቃዲው ሽማግሌ ነው። «መብትህ እዚያው ሞቷል» አለኝ፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው። ጀርወል እንኳ ፈገግ አላለም።

መሬቱ ተከፈለ። ድንጋይ ቆመበት። የቦዩ አፍ ለኸለፍ ደረሰ፤ ውኃ የሚለቅልኝ ሲተርፈው ነው፣ የሚተርፈው ደግሞ የለም። የዘንድሮ ገብስ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል። ከሥሩ ጨው ወጥቷል፤ ቀምሼዋለሁ፣ ያው የድሮው ጨው ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ጓደኞቼ አሁን በጎሪጥ ያዩኛል። አንዳንዱ ሰላምታም አይመልስ፤ በገዛ እውነቴ ያስፈረድኩባቸው መስሏቸዋል። ቢሆንም ከእነሱ በቀር ማን አለኝ? ወደ መዲና ሄደን በደላችንን በኸሊፋው ደጃፍ እንጩኽ የሚሉ አሉ፤ ለመጮኽ ብቻ ከሆነ ግን ጎራዴ ለምን እንደሚስሉ አልገባኝም። እኔም ስያለሁ። ያ ሐቄን የበላው ሰው እዚያ ነው ያለው፣ እዚያው ፊት ለፊቱ ቆሜ ላየው እፈልጋለሁ።

ሌላ አትጻፊልኝ። ተጋሪ የለኝም።

ሁረይስ

*

መዲና፣ ሸዋል፣ 35

በአላህ ስም። ከኡመይማ ለሁረይስ፤ ከከተማው ውጭ፣ ኩፋዎች ከሰፈሩበት ድንኳን ይድረስ።

አትጻፊልኝ ብለሃል፤ ዘጠኝ ወር እሺ ብያለሁ። ይኼም የኔ ጽሕፈት አይደለም፤ ረይጣ ናት የምትጽፈው። እኔ እጄ ተይዟል፣ ለምን እንደሆነ ታገኘዋለህ።

ዛሬ ከቀትር በፊት ጉድጓዱ አጠገብ ውኃ እየሳብኩ ነበር። ሁለት ጎረቤቶች ግመሎቻቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ሰው ከመንገድ መጣና «ኩፋዎች መጥተዋል፣ ድንኳን ተክለዋል፣ መሣሪያ ይዘዋል» አለ። «ከጎሣችሁ ከሙዘይና አንድ የሚያነክስ ሰው አብሯቸው አለ፣ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚሄደው» አለ። ሰናፍጭ ዘይት እሸው ብዬህ ነበር።

ተናድጃለሁ፣ ሁረይስ። ልንገርህና ይውጣልኝ። አንድ ሐቅ ይዘህ ተነሳህ፣ እውነተኛ ሐቅ ነበር፤ በመንገድ ላይ የሌላ ሰው ጎራዴ ሆነህ መጣህ። ሊዋሹልህ የተነሱትን ሰዎች ቃዲው ፊት እምቢ ካልክ በኋላ፣ በእነሱው ግመል ተሳፍረህ የእህትህ ከተማ በር ላይ ትቆማለህ? ኸለፍን ለማየት ነው የመጣሁት ትለኛለህ። ኸለፍ ሶርያ ከሄደ ሁለት ወሩ ነው። ሀብታም ሰው ጭስ ከሩቅ ይሸተዋል። እዚህ የቀረነው እኔና ረይጣ፣ ለሚስና አራስ ልጇ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ጽሑፍ የሚጽፍልኝ ሽማግሌው ነን። ጎራዴህን የሳልከው ለማናችን ነው?

እዚያ ድንኳን ውስጥ አንተን «የእኛ ነው» ይሉሃል። ማንን ጠይቀው? ካንተ ጋር በአንድ ማህፀን ያደርኩት እኔ ነኝ። አባታችን ሲሞት ተካፍለን ያልጨረስነው ነገር ቢኖር አንተ ነህ፤ ግማሽህ የኔ ነው፣ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ድንጋይም አልቆመበትም። የማይመለከተው ሰው ድርሻዬን ወስዷል። ስለዚህ ወሬውን የሰማሁ ጊዜ፣ ሰውየው ንግግሩን ሳይጨርስ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች እየሰሙ፣ «ይህ ሰው ለእኔ ይገባል፣ ጠይቄአለሁ» ብያለሁ። አልተቀመጥኩም። አልተሳደብኩም፤ ስድቡ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፣ ከላይ እንዳነበብከው። ምስክሮቹ አሉ፣ ይምላሉ፣ ደግሞም እውነት ነው።

ገዢው የሰጠውን ያህል እመልሳለሁ። እነሱ ምን ሰጡህ? ግመል? ግመል ይሸጣል። አርባዎቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ኻያው ያንተ ነው አልልህም፣ አርባውም ያልተከፈለ ነው። የአንተ ገብስ በጨው እንደሞተ ከሰማሁ ወዲህ ዘለላ በቆረጥኩ ቁጥር ግማሹን ለብቻ ሳስቀምጥ ነው የከረምኩት። የኸለፍን ተምር አልነካም ብለሃል። አትንካው። ይህ ተምር የለሚስ እግር ዕብጠት ዋጋ ነው፤ የሱ አይደለም።

ረይጣ «አጎቴ ባይመጣስ?» ትለኛለች። ይህንንም ጻፊ ብያታለሁ።

ጎራዴህን እዚያው ትተህ ና። ወሬውን ስሰማ መቅጃው ጉድጓዱ ውስጥ ነበር፤ ሙሉውን አውጥቼ አላስቀመጥኩም፣ መልሼም አልለቀቅኩም፣ ጥያቄዬን የሚያፈርስ ነገር እንዳላደርግ ፈርቼ። ገመዱን ይዤ ቆሜአለሁ። ክንዴ ዝሏል። ቶሎ ና።